የባቶኖ ቫዣ ቢራ

መምህርት ላማራ ማንበብ ያስተማሩን በጆሯቸው ነው።

ተራ በተራ ይጠሩናል። መጽሐፋችንን ይዘን ከጎናቸው ስንቆም ግራጫ ጸጉራቸውን ወደ ኋላ ሸሸት ያደርጉና ቀኝ ጆሯቸውን አፋችን ድረስ ያመጡልናል። አንገታቸው ላይ ከጠመጠሙት ሻርፕ የደረቀ የሎሚ ቅጠል ሽታ ይመጣል። "ቀስ ብለሽ፣ ለእኔ ብቻ ንገሪኝ" ይሉኛል። እኔም ምስጢር እንደማካፍል ሰው ድምፄን አስተካክዬ፣ ጫጩቷ ጠፍታባት መንደሩን ስለምታምስ ዶሮ አነብላቸዋለሁ። አንዲት ቃል ከዋጥኩ ከንፈሬን በጣታቸው ነካ ያደርጋሉ፤ እደግመዋለሁ። ስጨርስ ጉንጬን ስመው ይሸኙኛል።

ሌላ መምህር እንዲህ አያስጠጋንም። የሒሳብ መምህራችን ከሰሌዳው ሥር ሆና ነው የምትጮኽብን። ስለዚህ እኔ ኬቶ፣ የሰባት ዓመቷ፣ ማንም የማያስለቅቀኝ አንድ እውነት ነበረኝ፤ መምህርት ላማራ በዓለም ላይ ከልጆች ድምፅ የሚበልጥባቸው ነገር የለም።

ግራ ጆሯቸው ጨርሶ እንደማይሰማ፣ ቀኙም ሊዘጋ ጥቂት እንደቀረው የሰማሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ያም ሆኖ የልጅነት እውነቴን አልጣልኩትም። ሁለቱም ሳይጣሉ አብረው ይኖራሉ።

ያን ጊዜ በከተማችን በኩታይሲ መብራት እንደ ሩቅ ዘመድ ነበር፤ ሲመጣ እልል እንላለን፣ መቼ እንደሚሄድ ግን አይነግረንም። የመንግሥት ትምህርት ቤቶች መስኮታቸው በላስቲክ ተሸፍኖ፣ መምህራኑ ደመወዝ ካዩ ወራት አልፏቸው ስለነበር፣ ጥቂት ቤተሰቦች ተሰባስበው ሪዮኒ ወንዝ አጠገብ ባለ አሮጌ ቤት ውስጥ የግል ትምህርት ቤት ከፈቱ። አባቴ ጉራም የአውቶቡስ መካኒክ ነው፤ የትምህርት ቤቱን የውኃ ቧንቧ ሁሉ በነጻ የዘረጋው እሱ ነው። ትምህርት ቤቱን የሚመራው ቦርድ ሲሆን፣ የቦርዱ ሰብሳቢ ደግሞ ትልቅ ትንሹ "ባቶኖ" እያለ፣ ጌታዬ እንደማለት፣ የሚያከብራቸው ድልድይ ሠሪው መሐንዲስ ባቶኖ ቫዣ ነበሩ።

ባቶኖ ቫዣ ቅንድባቸው ጥቅጥቅ ያለ፣ ሲራመዱ መሬቱ ይሸከመኝ ይሆን እያሉ የሚፈትሹ የሚመስሉ ሰው ናቸው። ክፉ አልነበሩም። ብቻ ከሰው ጋር መነጋገር አይሆንላቸውም። ቦርዱ በሩን ዘግቶ ይመክራል፤ በማግስቱ የፊት ለፊቱ በር ላይ "ቦርዱ ወስኗል" ብሎ የሚጀምር ወረቀት ይለጠፋል። ወላጅ እዚያው ቆሞ ያነባል፣ መምህርም እዚያው ቆሞ ያነባል፣ ከዚያ ሁሉም ራሱን እየነቀነቀ ወደ ጉዳዩ ይሄዳል።

"ሰውዬው ድልድይ ሲሠራ ወንዙን አስፈቅዶ ያውቃል እንዴ?" ይል ነበር አባቴ። "እኛንስ ለምን ያስፈቅዳል?"

ነገሩ የመጣው ከጎቻ ነው። ጎቻ ከእኔ ጋር አንድ ወንበር ላይ የሚቀመጥ፣ ኪሱ ከጠጠር የማይጸዳ ልጅ ነው። አንድ የመከር ቀን በእረፍት ሰዓት ድብብቆሽ ስንጫወት እንጨት ማከማቻው ውስጥ ገባ፤ መቀርቀሪያው ከውጭ ወደቀበት። ጮኸ። በሩን በእግሩ ደበደበ። መምህርት ላማራ ከበሩ ጥቂት እልፍ ብለው፣ ጀርባቸውን ሰጥተው ለወፎች ዳቦ ይፈረፍሩ ነበር። ዞር እንኳ አላሉም። በመጨረሻ የስፖርት መምህሩ ኡሻንጊ ከላይ ፎቅ ሰምቶ እየሮጠ ወርዶ አወጣው። ጎቻ ድምፁ ተዘግቶ፣ ፊቱ በእንባና በመጋዝ ዱቄት ተለውሶ ወጣ።

እኛ ልጆቹ በመምህርት ላማራ እጅግ ኮራን። ጎቻ ጠዋት የክፍላችንን ልጅ የማርያምን ጸጉር በሙጫ አጣብቆ ነበርና፣ እየሰሙ እንዳልሰሙ ሆነው የቀጡት መስሎን ነበር። "እንዲህ ነው እንጂ ቅጣት" አለች ማርያም። በዚያ ቀን እሳቸው ለወፎቹ የተረፈውን ዳቦ መሬት ላይ ጥለው፣ ጎቻን አቅፈው ለረጅም ጊዜ እንደተቀመጡ አስታውሳለሁ። ሻርፓቸውን አውልቀው እሱን ጠመጠሙበት። በርዶት ነው ብዬ ነበር።

ከሳምንት በኋላ በሩ ላይ ወረቀት ተለጠፈ። አባቴ አንብቦት ኮፍያውን አወለቀ፤ መልሶ አደረገው። ማታ እናትና አባቴ ወጥ ቤት ሆነው ሲያወሩ እኔ ጠረጴዛው ሥር ከድመቷ ጋር ነበርኩ።

"ከገና በኋላ በሌላ መምህርት ትተካለች ይላል" አለ አባቴ። "ስሟን እንኳ አልጻፉትም። 'የአንደኛ ክፍል መምህርት' ብቻ።"

"ለቦርዱ የነገረችው የጎቻ እናት ናት አሉ።"

"ጺጺኖ? ምን ታድርግ፣ ልጇ ነው። እኔ ብሆንስ?"

"ታዲያ ማን ላይ ነው የተናደድከው?"

"ለላማራ ማን ነገራት? ወረቀቱን ያገኘችው ከበር ላይ ነው፣ ከእኔ ጎን ቆማ። 'ጉራም፣ መነጽሬን አልያዝኩም፣ ምን ይላል?' አለችኝ። እኔ ላንብብላት?"

"አነበብክላት?"

 ከጠረጴዛው ሥር የሚታየኝ የጫማው ጫፍ ወለሉን ይመታ ነበር።

"ሂድና ለባቶኖ ቫዣ ንገራቸው" አለች እናቴ።

"ከበር ጋር ነው እንዴ የማወራው?"

እኔ ከዚህ ሁሉ የያዝኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ባቶኖ ቫዣ መምህርት ላማራን ሊወስዷቸው ነው። ወዴት እንደሚወስዷቸው አላወቅሁም። ብቻ ከገና በኋላ ጆሯቸውን የሚሰጠኝ ሰው አይኖርም። በዚያ ሌሊት አልጋዬ ውስጥ ሆኜ ዶሮዋን ለትራሴ አነበብኩላት፤ ትራስ ከንፈር ነክቶ አያርምም።

በክረምት እያንዳንዱ ልጅ ጠዋት ጠዋት አንድ ፍልጥ ይዞ ይመጣል፤ ክፍሎቹ የሚሞቁት በዚያ ነው። በማግስቱ አባቴ ከሁሉ የወፈረውን ፍልጥ መርጦ ብብቴ ሥር አስገባልኝ። እንደ አገራችን አባቶች ሁሉ እኔኑ "አባዬ" እያለ ነው የሚጠራኝ።

"አባዬ፣ ይቺን ለመምህርት ላማራ ምድጃ ብቻ። ለሌላ ማንም እንዳትሰጪ።"

"ለባቶኖ ቫዣ ክፍልስ?"

"ባቶኖ ቫዣ ካፖርት አላቸው።"

ትምህርት ቤት ስደርስ ሁሉም ልጅ እንደዚያው ተብሏል። ትልልቆቹ ሳይቀሩ ፍልጣቸውን እኛ ክፍል እያስቀመጡ ይሄዳሉ። የእንጨቱ ክምር እስከ መስኮቱ ደፍ ደረሰ። መምህራኑም ካሉበት ክፍል ይልቅ በእረፍት ሰዓት እኛ ዘንድ እየመጡ እጃቸውን ያሞቁ ጀመር፤ ምንም አይናገሩም፣ ያሞቃሉ ብቻ። የቦርዱ ክፍል ምድጃ ግን ባዶውን ቀረ። እኔ ደግሞ መምህርት ላማራ ስላረጁ ይበርዳቸዋል፣ አገሩ ሁሉ አዘነላቸው አልኩ።

ባቶኖ ቫዣ አንድ ቀን ኡሻንጊን ኮሪደር ላይ አስቁመው "ለስብሰባችን ጥቂት ፍልጥ አምጣልን" ሲሉት እዚያው ነበርኩ።

"እንጨቱ የልጆቹ ነው፣ ባቶኖ ቫዣ" አለ ኡሻንጊ በትሕትና። "እነሱን ያነጋግሯቸው።"

ባቶኖ ቫዣ ወደ እኔ ተመለከቱ። እኔ ወደ ጫማዬ ተመለከትኩ። ሄዱ።

ቦርዱ በዚያ ሳምንት ካፖርትና ኮፍያ እንዳደረገ ተሰበሰበ። እኔና ጎቻ በቁልፉ ቀዳዳ አጮልቀን ብናይ ከሁሉም አፍ ጭስ ይወጣል። ቦርድ ማለት በር ዘግቶ አብሮ ማጨስ ነው ብለን ለክፍሉ ሁሉ አወራን። ዛሬ ሳስበው በዚያች ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ አንድ ነገር ገብቷቸዋል። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ባቶኖ ቫዣ ጠዋት የግቢው በር ላይ ቆመው ጠበቁን። አባቴ እጄን ይዞ ነበር።

"ጉራም፣ እሁድ አዲሱን ወይን እከፍታለሁ። ወላጆችም መምህራንም ኑልኝ። እዚሁ፣ ትምህርት ቤቱ ውስጥ።"

"ለግብዣ ነው ለስብሰባ?"

"አብረን እንብላ ነው የምልህ።"

"ታማዳው ማነው?"

ባቶኖ ቫዣ ቅንድባቸውን በጣታቸው አሹት። "እናንተ ምረጡ" አሉ።

አባቴ እጄን ጠበቅ አደረገው። ለምን እንደሆነ ያን ቀን አልገባኝም። በእኛ ማዕድ ላይ ታማዳው አለቃ ነው፤ ጽዋውን የሚያነሳው እሱ ነው፣ ቃሉን የሚሰጠውም እሱ ነው። እሱ ሳይፈቅድ ማንም አይናገርም፣ እሱ የፈቀደለትን ሰው ደግሞ ማንም አያቋርጥም፤ የቦርድ ሰብሳቢም ቢሆን። ባቶኖ ቫዣ በገዛ ወይናቸው፣ በገዛ ግብዣቸው ላይ ዝም ብዬ እሰማለሁ ማለታቸው ነበር።

እሁድ ቀኑ ደመና ነበር፤ ኡሻንጊ ጄኔሬተሩን ኮሪደሩ መስኮት ሥር አስነሳው። በትልቁ ክፍል ውስጥ ጠረጴዛዎቹ ጫፍ ለጫፍ ተገጥመዋል። በሸክላ ድስት የተቀቀለ ባቄላ፣ በለውዝ የተለወሰ ቆስጣ፣ አይብ ሆዱ ውስጥ የተቀበረ ትኩስ ዳቦ አለ። ወይኑ ከመሬት ከተቀበረው ጋን ተቀድቶ በሸክላ ማንቆርቆሪያ ይዞራል። ጥግ ላይ ደግሞ ወይን ለማይስማማው ሰው የተቀመጡ ጥቂት ጠርሙስ ቢራዎች ነበሩ። ታማዳነቱን ለኡሻንጊ ሰጡት። እኛን ልጆቹን በመስታወቱ በር ማዶ ኮሪደር ላይ አስቀመጡን፤ ጄኔሬተሩ እያጓራ ስለሆነ ከውስጥ የሚባለው አንዲት ቃል አይሰማንም። የሚታየን ግን ሁሉ ይታየናል።

እዚህ ላይ ስለ ቢራ መናገር አለብኝ። አያቴ ነፍሱን ይማረውና፣ ለእኔ ያወረሰኝ ዋና ትምህርት ይህ ነው፤ "ወይን ለምትወጂው ሰው ታነሺያለሽ፤ ቢራ ለምትጠይው።" እሱ ራሱ አንድ ጊዜ ላሙን ለነዳበት ጎረቤት ቢራ ሲያነሳ አይቼዋለሁ፤ ሰውየው ከጠረጴዛው ተነስቶ ወጥቶ ዓመት ሙሉ ሳይነጋገሩ ከርመዋል።

አባቴ ብርጭቆውን ይዞ ቆመና ብዙ ተናገረ። እጁ እንደ በር ተከፈተ፣ ተዘጋ። ቀጥላ የሒሳቧ መምህርት ቆመች፤ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትጮህ አየኋት። ከዚያ የጎቻ እናት ጺጺኖ ተነሳች። ብርጭቆዋን ያዘች እንጂ አላነሳችውም፤ እያለቀሰች ተናገረች። ጎቻ መስታወቱ ላይ አፍንጫውን ለጥፎ "እናቴ ምን ሆነች?" አለኝ። "ባቄላው አቃጥሏት ነው" አልኩት።

መምህርት ላማራ ከጠረጴዛው መሃል፣ የበዓል ሻርፓቸውን አድርገው ተቀምጠዋል። ከአንዱ ተናጋሪ ወደ ሌላው ይመለከታሉ፣ ፈገግ ይላሉ። ባቶኖ ቫዣ ሳህናቸውን እያዩ ነው።

በድንገት ባቶኖ ቫዣ ቀና ብለው ለኡሻንጊ አንድ ነገር አሉት። ኡሻንጊ ራሱን በእሺታ ነቀነቀ። ባቶኖ ቫዣ የወይን ብርጭቋቸውን ወዲያ ገፉት። ወደ ጥጉ ሄደው ቢራ አንስተው ከፈቱና ረጅም ብርጭቆ ውስጥ ቀዱት፤ አረፋው ጣታቸው ላይ ፈሰሰ። ቆሙ። ፊታቸውን ወደ መምህርት ላማራ አዞሩ። ብርጭቆውን አነሱ።

ጎቻን በክርኔ ጎሰም አደረግሁት።

መምህርት ላማራ ቢራውን አዩት። ፈገግታቸው ጠፋ። ሻርፓቸውን አስተካከሉ፣ አንድ እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ አሳርፈው ሊነሱ ሞከሩ። ባቶኖ ቫዣ ይህን ሲያዩ መናገሩን አቋረጡና ጠረጴዛውን ዞረው ሄዱ፤ ቢራውን እንደያዙ። ከጎናቸው ደርሰው ጎንበስ አሉ። ቀኝ ጆሯቸው ላይ። የእኛ ጆሮ ላይ። እዚያ ውስጥ የሆነ ነገር ተናገሩ፣ ረጅም ነገር። መምህርት ላማራ ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ፤ ቆይተው እያለቀሱ ጥቂት ተናገሩ፣ ማዕዱም እርስ በርሱ ማውራት ጀመረ።

"ሰደባቸው" አለ ጎቻ።

"በጆሯቸው ውስጥ" አልኩ። ከዚህ የሚከፋ ነገር በዓለም ላይ ሊኖር አይችልም ነበር።

በሩን እንዴት እንደከፈትኩት አላውቅም። እናቴ ልትነሳ ስትል አየኋት። ባቶኖ ቫዣ ፊት ቆሜ፣ እርስዎ ማለትን ያስተማረችኝን እናቴን አሳፍሬ፣

"ቢራው ላንተ ይሁን" አልኩ።

 ከዚያ ኡሻንጊ አፉን በእጁ ያዘ፤ አልቻለም፤ ሳቁ አመለጠው። አባቴ ተከተለው። ጠረጴዛው ሁሉ ሳቀ፤ ሳህን ተንቀጫቀጨ፣ የሒሳቧ መምህርት ዓይኗን ጠረገች። ምን እንደተባለ ያልሰሙት መምህርት ላማራ ብቻ ነበሩ። ጺጺኖ ተጠግታ በጆሯቸው ስትነግራቸው እሳቸውም በእንባቸው መሃል ሳቁ። ሁሉም ከእኔ ጋር እንደወገነ ገባኝ።

ባቶኖ ቫዣ ብቻ አልሳቁም። ከቅንድባቸው ሥር አተኩረው አዩኝ።

"እሺ፣ ኬቶ" አሉኝ። "ተቀብያለሁ።"

ብርጭቆውን አንስተው እስከ መጨረሻው ጠጡት። ሲጠጡ ፊታቸው እንደ መድኃኒት ጠጪ ተኮማተረ። መምህርት ላማራ ሳቡኝና ጭናቸው ላይ አስቀመጡኝ፤ የሎሚ ቅጠሉ ሽታ ከቢራው ሽታ ጋር ተቀላቅሎ እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ውስጥ አለ።

ለብዙ ዓመታት መምህርት ላማራን ያዳንኩት እኔ ነኝ ብዬ አምኜ ኖርኩ። ማስረጃዬም ጠንካራ ነበር። ማክሰኞ ጠዋት ክፍላችን ስገባ ባቶኖ ቫዣ የኋላው ወንበር ላይ፣ ጉልበታቸው አገጫቸውን ሊነካ ምንም ሳይቀረው፣ ተጣጥፈው ተቀምጠዋል። በመጥፎ ጠባይ ወደ አንደኛ ክፍል እንደተመለሱ ወዲያው ገባኝ። አላዘንኩላቸውም፤ ጥፋተኛ ይማር። ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው ዋሉ። ልጅ ከወደቀ፣ ወይም ውጭ የሚጮኽ ካለ፣ ተነስተው መምህርት ላማራን ትከሻቸውን ነካ ያደርጓቸዋል። እሳቸው ዞር ይላሉ፣ ይሄዳሉ። ከዚያ እንደገና ንባብ። በመጨረሻ መምህርት ላማራ "ባቶኖ ቫዣ፣ ተራዎ ነው" ብለው ጠሯቸው። ድልድይ ሠሪው መሐንዲስ ከጎናቸው ጎንበስ ብለው ስለ ዶሮዋ በጆሯቸው አነበቡ። አንድ ቃል ሲውጡ ከንፈራቸውን በጣት ተነኩ። እኛ ጠረጴዛ እየደበደብን ሳቅን።

በማግስቱ ጺጺኖ ሹራቧን ይዛ መጣች። ጎቻ ተሸማቆ ጆሮዬ ላይ "እናቴም አንደኛ ክፍል ወድቃ ነበር መሰለኝ" አለኝ። ሐሙስ አባቴ መጣ፤ አርብ የማርያም አያት። እንዲህ እያለ ሄደ፣ ክረምት ወጥቶ በጋ ገባ። ወላጆቻችን ሁሉ እንደገና ይማሩ ነበር፤ እኛም ያልገባቸውን እናስረዳቸዋለን። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው የሚባለውን ሳስብ የሚታየኝ ያ የኋላ ወንበር ነው።

እውነቱን አባቴ የነገረኝ ባቶኖ ቫዣን ቀብረን የተመለስን ዕለት ነው። ለእሳቸው ወይን አንስቶ ከጠጣ በኋላ ወደ እኔ ዞሮ፣ "ያኔ በሩን ስትከፍቺ ምን እንደተባለ ታውቂያለሽ?" አለኝ። አላውቅም ነበር።

አባቴ ለቦርዱ "መወሰናችሁን አልቃወምም፤ ለበር መናገራችሁን ነው" ብሎ ነበር። ጺጺኖ ደግሞ እያለቀሰች፣ "እኔ ላማራን አባሩልኝ አላልኩም። ልጄ ሲጮህ የሚሰማው ሰው ይኑር ነው ያልኩት። የቀረውን የጨመራችሁት እናንተ ናችሁ" አለች። ያኔ ነው ባቶኖ ቫዣ "ታማዳ፣ ብርጭቆ ልለውጥ" ብለው የጠየቁት። ቢራውን አንስተው፣ "ይህ ሰውን ሳይጠይቅ በሰው ላይ ለሚወስን የቦርድ ሰብሳቢ ነው" አሉ። ለራሳቸው ነው ያነሱት። ፊታቸውን ወደ ላማራ ያዞሩት ከንፈራቸውን አይተው እንዲረዱ ነበር። ላማራ ግን ያዩት ቢራውን ብቻ ነው፣ እንደኔው።

"ከዚያ ሄደው በጆሯቸው ምን አሏቸው?" አልኩት።

"'ቢራው የእኔ ነው፣ ወይኑ የእርስዎ ነው' አሏት፣ ሁላችንም እየሰማን። 'አስቀድመን ልንጠይቅዎ ይገባ ነበር፤ ዛሬ እጠይቅዎታለሁ፤ ምን ይሻላል?'"

"መምህርት ላማራስ?"

አባቴ ብርጭቆውን አዟዟረ። "'ጎቻ ሲጮህ አልሰማሁትም' አለች። 'ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ማስተማሩን አልረሳሁትም፤ የጎደለኝ ጆሮ ነው። ጆሮ ስጡኝ።' ማን ተራ እንደሚይዝ ገና መጠያየቅ ስንጀምር ነው አንቺ ገብተሽ ሰውየውን የገደልሻቸው።"

"ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?"

"ባቶኖ ቫዣ ናቸው የከለከሉን። 'ልጅቷ መምህሯን አድናለች፤ አትንጠቋት' አሉ።"

በዚያ ቀን የወይኑ ብርጭቆ እጄ ላይ ከበደኝ። ስንት ማክሰኞ ነው እኚያን ሰው ከፊት ወንበር ሆኜ ጥፋተኛ እያልኩ የተመለከትኳቸው? እሳቸው ደግሞ ተጣጥፈው ተቀምጠው፣ ድሌን ሲጠብቁልኝ ኖሩ። አመሰግናቸዋለሁ። ያን ጊዜ ልላቸው ያልቻልኩትን አሁን በየዓመቱ እላለሁ።

መምህርት ላማራ ከዚያ በኋላ አራት ዙር ተማሪዎች አስተማሩ። ማስተማር ያቆሙት ቀኙም ጆሯቸው ሲዘጋ ነው፣ ራሳቸው በፈለጉ ቀን፣ ራሳቸው ማዕድ ላይ ቆመው ተናግረው። ምትካቸውን የመረጡትም እሳቸው ናቸው። በበሩ ላይ የሚለጠፈው ወረቀትም "ቦርዱ ይጠይቃል" ብሎ መጀመር ከጀመረ ቆየ፤ መልሱ ማዕድ ላይ ይሰጣል።

አሁን የቦርዱ ሰብሳቢ እኔ ነኝ። አዲሱ ወይን በተከፈተ ቁጥር ወላጆችና መምህራን ይሰበሰባሉ፤ ታማዳውን እነሱ ይመርጣሉ፤ በዓመቱ የበደልናቸውን ሁሉ ይነግሩናል፣ እኛም ሳናቋርጥ እንሰማለን። ሰምተን ስንጨርስ ሰብሳቢው ተነስቶ ለቦርዱ ቢራ ያነሳል። ባቶኖ ቫዣ የጀመሩትን ማንም ለመተው አልደፈረም።

ባለፈው ኅዳር የምሳው ቤት ነገር ነበር የተነሳብን፤ ምግብ የምታበስለውን ሴት ሳንጠይቅ ሰዓቱን ለውጠንባት ነበር። ሴትየዋ ቆማ ተናገረች፤ ልክ ነበረች። ብርጭቆዬን ለወጥኩ። አረፋው ጣቴ ላይ እየፈሰሰ ፊቴን ወደ እሷ አዙሬ ቢራውን አነሳሁ። ገና አፌን ስከፍት የመስታወቱ በር ተከፈተ። ኤሌኔ የምትባል የአንደኛ ክፍል ልጅ፣ የምግብ አብሳይዋ ልጅ፣ ፊቷ ቲማቲም መስሎ መጥታ ፊቴ ቆመች።  አንድ ነገር አለችኝ፤ በማዕዱ ጫጫታ አልሰማኋትም።

ሊስቁ ሲሉ በእጄ አስቆምኳቸው። ቢራውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ጸጉሬን ወደ ኋላ ሸሸት አደረግሁና ጎንበስ ብዬ ቀኝ ጆሮዬን አፏ ድረስ አመጣሁላት።

"ቀስ ብለሽ፣ ለእኔ ብቻ ንገሪኝ" አልኳት።

ማዕዱ ሁሉ ጸጥ ብሎ ጠበቃት።